ቪዲዮው ሲቆም ጥፋቱ የማን ነው? ከምንጩ እስከ ሳሎን ያለው ሰንሰለት

ምሽት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በአሶሳ ከተማ በአንድ ሳሎን ውስጥ ቤተሰቡ ከእራት በኋላ በስማርት ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰብስቧል። ዜናው ይጀምራል፤ አንባቢዋ ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ሳትጨርስ ምስሉ ደርቆ ይቀራል፤ በስክሪኑ መካከልም አንዲት ትንሽ ክብ መሽከርከር ትጀምራለች። አባት «ኔትወርኩ ነው» ይላሉ። እናት «ቴሌቪዥኑ አርጅቷል» ይላሉ። ልጅ ደግሞ «ጥቅሉ አልቆ ይሆናል» ብሎ ተጨማሪ ለመግዛት ስልኩን ያነሣል። ሦስቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ በስሕተቱ የሚወጣው ገንዘብ ግን እውነተኛ ነው።

ይህ ትዕይንት በብዙ የክልላችን ቤቶች የሚታወቅ ነው። ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለትንታኔ ባልበቃ ነበር። ነገር ግን በዚሁ ስክሪን ዛሬ ዜና ይታያል፣ ትምህርት ይቀርባል፣ የገበያና የእርሻ ምክር ይተላለፋል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኢንተርኔት መሰጠት በመጀመሩም፣ የኢንተርኔት ጥራት ለተማሪ ወላጅ የቅንጦት ጥያቄ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ የምትሽከረከረው ክብ የምታነሣው ጥያቄ ሁለት ገጽ አለው፤ ቤተሰቡ ራሱ ሊያስተካክለው የሚችለው የትኛው ነው? ከአገልግሎት ሰጪው ሊጠይቅ የሚገባውስ የትኛው ነው?

አምስት ቀለበት ያለው ሰንሰለት

በዲሽ የሚመጣ ሥርጭትና በኢንተርኔት የሚመጣ ቪዲዮ በአሠራራቸው የተለያዩ ናቸው። ሳተላይት አንዱን ምስል ለሁሉም ተመልካች በአንድ ጊዜ ይበትናል፤ የተመልካቹ ብዛት ሥርጭቱን አያደክመውም። የኢንተርኔት ቪዲዮ ግን ለእያንዳንዱ ቤት ለብቻው ተቆራርጦ፣ በጥቂት ሰከንዶች ቁራጭ እየተላከ የሚደርስ ነው። ቴሌቪዥኑ የተወሰኑ ቁራጮችን አስቀድሞ ያጠራቅምና እነርሱን እያሳየ ተከታዮቹን ይቀበላል። ተከታዩ ቁራጭ ሳይደርስ የተጠራቀመው ሲያልቅ ምስሉ ይቆማል፤ ክቧም ትመጣለች። የክቧ ትርጉም እንግዲህ አንድ ብቻ ነው፤ «የሚገባው ከሚወጣው አንሷል» ማለት ነው። ለምን እንዳነሰ ግን አትናገርም።

ቁራጩ ከመነሻው እስከ ሳሎን ድረስ በአምስት ቀለበቶች ያልፋል። የመጀመሪያው ምንጩ፣ ማለትም ቪዲዮውን የሚልከው ተቋም ነው። ሁለተኛው ከምንጩ እስከ ቤቱ የሚዘረጋው የቴሌኮም መስመር ነው። ሦስተኛው ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ነው። አራተኛው በቤቱ ውስጥ ያለው ዋይፋይ፣ አምስተኛው ደግሞ ቴሌቪዥኑ ራሱ ነው። ከአምስቱ አንዱ ሲላላ ውጤቱ ያው የቆመ ምስል ስለሆነ፣ ብዙ ቤተሰብ የላላውን ትቶ ያልላላውን ይጠግናል። ዋይፋዩ የተዳከመበት ሰው የሚበልጥ ጥቅል ይገዛል፤ መስመሩ የተጨናነቀበት ሰው አዲስ ቴሌቪዥን ያስመጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ በሽታውን ያላወቀም ያው ነው።

ምንጩና መስመሩ

ሌሎች ቪዲዮዎች ያለ ችግር እየታዩ አንድ የቀጥታ ሥርጭት ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከተመልካቹ ቤት ሳይሆን ከላኪው ዘንድ መሆኑ ያመዝናል። ይህ በኢንተርኔት የሚያሠራጩ የብዙኃን መገናኛ ተቋማትን ሁሉ፣ እኛንም ጨምሮ የሚመለከት እውነት ነው። የቀጥታ ሥርጭት በባሕርይውም ስስ ነው፤ ከተቀረጸ ቪዲዮ በተለየ፣ ገና ያልተፈጸመን ነገር አስቀድሞ ማጠራቀም አይቻልምና መጠባበቂያው አጭር ነው። ትናንት የተጫነ ፊልም በሚታይበት መስመር የዛሬው ኳስ ጨዋታ ቢቆራረጥ እንግዲህ የሚያስገርም አይደለም።

መስመሩ ረጅም ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት፣ ከውጭ የሚመጣው መረጃ በጎረቤት አገሮች በኩል በየብስ ተሻግሮ ይገባል። ከዚያም ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው አሶሳ ለመድረስ ሌላ ረጅም ጉዞ አለው። በዚህ ርቀት ላይ አንድ የፋይበር መስመር በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ ምክንያት ቢቆረጥ፣ የአንድ ሰፈር ሳይሆን የከተማው አገልግሎት ሊስተጓጎል ይችላል። ከከተማ ወጣ ባሉ ወረዳዎች ደግሞ አብዛኛው ሰው ኢንተርኔትን የሚያገኘው ከሞባይል ማማ ነው። የአንድ ማማ አቅም በሥሩ ላሉት ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚከፋፈል በመሆኑ፣ ምሽት ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲከፍት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል።

ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሰዓት ብቻ ነው። ያንኑ ቪዲዮ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማና ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ መሞከር ነው። ማለዳ ጥርት ብሎ እየታየ ምሽት የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ቴሌቪዥኑም ራውተሩም ጤነኞች ናቸው፤ የላላው የመስመሩ ቀለበት ነው። በሁለቱም ሰዓት እኩል የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ቤት ውስጥ ይዞራል።

የፋይበር አገልግሎት ያለው ቤት ሌላም ምልክት አለው። ከግድግዳው ፋይበር በሚቀበለው ሣጥን ላይ «ሎስ» በሚል ጽሑፍ የተለየችው መብራት ቀይ ስታበራ፣ ብርሃኑ ከውጭ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ይህን ራውተር በማጥፋትና በማብራት ማዳን ስለማይቻል ወዲያውኑ ለአገልግሎት ሰጪው ማሳወቅ ይገባል።

የፍጥነትና የጥቅል ሒሳብ

ብዙ አለመግባባት የሚፈጠረው በአንድ ቃል፣ «ሜጋ» በሚለው ነው። የመስመር ፍጥነት የሚሸጠው በሜጋ ቢት ሲሆን፣ የጥቅል መጠን የሚሸጠው በሜጋ ባይትና በጊጋ ባይት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ነው። 10 ሜጋ ቢት በሰከንድ የሚል መስመር የገዛ ሰው ፋይል ሲያወርድ በሰከንድ 1 ሜጋ ባይት ከሩብ ገደማ ቢያይ አልተታለለም፤ መለኪያው ተለያየ እንጂ።

ዩቲዩብ ለተለያየ የምስል ጥራት የሚመክረው ፍጥነት ይታወቃል። ለ480ፒ 1.1፣ ለ720ፒ 2.5፣ ለ1080ፒ 5፣ ለ4ኬ ደግሞ 20 ሜጋ ቢት በሰከንድ ነው። እነዚህን ቁጥሮች በአንድ ሰዓት ሰከንዶች፣ ማለትም በ3,600 አባዝቶ ለ8 ማካፈል የሰዓቱን ፍጆታ ግምት ይሰጣል። በዚህ ሒሳብ 480ፒ በሰዓት ግማሽ ጊጋ ባይት ያህል፣ 720ፒ 1.1፣ 1080ፒ 2.25፣ 4ኬ ደግሞ 9 ጊጋ ባይት ገደማ ይበላል።

ይህ ለቤተሰብ በጀት ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንይ። 10 ጊጋ ባይት የገዛ ቤተሰብ በ1080ፒ ቢያይ ከአራት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይጨርሰዋል። በ480ፒ ቢያይ ግን ሃያ ሰዓት ያህል ያየዋል። መጠነኛ ስፋት ባለው ቴሌቪዥን ላይ ከሦስት ሜትር ርቀት ዜና ለሚከታተል ሰው የሁለቱ ጥራት ልዩነት ብዙ አይደለም፤ የሰዓቱ ልዩነት ግን ከአራት እጥፍ በላይ ነው። በሞባይል ጥቅል ቴሌቪዥን ለሚያይ ቤተሰብ ከዚህ የሚበልጥ ቁጠባ የለም።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ቪዲዮው እየታየ በሪሞቱ የጥርስ ጎማ ምልክት ያለበትን የማስተካከያ ምናሌ መክፈትና «ጥራት» የሚለውን ወደ 480ፒ ዝቅ ማድረግ ነው። ጥራቱ «አውቶ» በሚለው ላይ ካለ ቴሌቪዥኑ እንደ መስመሩ አቅም ራሱ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። አንድ ሰው ከዚህ በፊት 1080ፒ ላይ ቆልፎት ከነበረ ግን መስመሩ ሲዳከም ምስሉ ከመደብዘዝ ይልቅ ይቆማል። የብዙ ቤት «ብልሽት» ይህ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

በአንድ መስመር የሚጠቀሙ ሰዎችን መቁጠርም ያስፈልጋል። ባለ 10 ሜጋ ቢት መስመር ባለው ቤት ቴሌቪዥኑ በ1080ፒ ሲያሳይ 5 ይወስዳል። ሁለት ልጆች በየስልካቸው በ720ፒ ሲያዩ ሌላ 5 ይሄዳል። መስመሩ ሞላ ማለት ነው። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ለግቢው ተከራዮችና ለጎረቤት ተሰጥቶ ከሆነ ደግሞ፣ ቤተሰቡ ከእንግዲህ የማን ቪዲዮ መስመሩን እንደሚሞላው አያውቅም። ጉርብትና መልካም ነው፤ ሆኖም የይለፍ ቃሉን ለአንድ ምሽት ቀይሮ መሞከር ምሥጢሩን ያወጣዋል።

ኤሌክትሪክ፦ ከጉባ እስከ ሶኬት

በክልላችን፣ በጉባ ወረዳ፣ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ይህ ግድብ በአፍሪካ ትልቁ የኃይል ማመንጫ ነው። ታዲያ ግድቡ በደጃችን ሆኖ መብራት ለምን ይጠፋል የሚለው ጥያቄ በየቡና ሥርዓቱ ይነሣል።

መልሱ በማመንጨትና በማድረስ መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ይገኛል። ከግድቡ የሚወጣው ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ አድርጎ ወደ ሆለታ ይሄዳል፤ ወደ አገሪቱ ቋትም ይገባል። አንድ ቤት የሚጠቀመው 220 ቮልት የሚደርሰው ግን በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በመካከለኛ መስመር፣ በሰፈር ትራንስፎርመርና በእንጨት ምሰሶ ላይ በተዘረጋ ሽቦ አልፎ ነው። በክረምት ንፋስ የወደቀ አንድ ምሰሶ፣ ወይም ከአቅሙ በላይ የተጫነ አንድ ትራንስፎርመር፣ የግድቡን ግዙፍነት ለዚያ ሰፈር ትርጉም ያሳጣዋል። ስለዚህ ቤተሰቡ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ማመንጫው ሳይሆን ስለ ሰፈሩ ማከፋፈያ ነው፤ ጥያቄውም የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ በስልክ ከሆነ በ905 ነው።

ኤሌክትሪክ ቪዲዮን የሚያቆመው ሲጠፋ ብቻ አይደለም። መብራት ለሁለት ሰከንድ ብልጭ ብሎ ቢመለስ ራውተሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል፤ መስመሩን እስኪያገኝ ድረስም ደቂቃዎች ይወስዳል። ቴሌቪዥኑ ቶሎ ስለሚነሣ ኢንተርኔቱ የተቋረጠ ይመስላል፤ አምስት ደቂቃ መታገሥ ብቻ ችግሩን የሚፈታው ብዙ ጊዜ ነው። የራውተሩ አዳፕተር ሲያረጅ ደግሞ መብራት ሳይጠፋም ራውተሩ በየጊዜው እየጠፋ ይነሣል። የራውተሩ መብራቶች በሙሉ በአንድ ጊዜ ጠፍተው የሚበሩ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አዳፕተሩ ነው። ሲለወጥም ቮልቱና አምፔሩ በአሮጌው ላይ ከተጻፈው ጋር መመሳሰሉ መረጋገጥ አለበት።

ራውተር የሚወስደው ኃይል ከአንድ ትንሽ አምፖል ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ፣ ለራውተር ብቻ የሚሆን አነስተኛ ባለ ባትሪ መጠባበቂያ ቤቱን ከአጫጭር መቋረጦች ያድነዋል። አካባቢያችን ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው የዝናብ ወቅት ነጎድጓድ የሚበዛበት በመሆኑ ግን ትልቁ ጥንቃቄ ሌላ ነው፤ መብረቅ ሲቃረብ ቴሌቪዥኑንም፣ ራውተሩንም፣ የዲሹን ሪሲቨርም ከሶኬት መንቀል። በሪሞት ማጥፋት ከመብረቅ አያድንም።

በቤት ውስጥ ያለው ዋይፋይ

ራውተሩ የት ነው የተቀመጠው? ይህ ጥያቄ ተራ ይመስላል፤ መልሱ ግን የብዙ ቤቶችን ችግር ይገልጣል። በአብዛኛው ራውተሩ ከቡፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ወይም ገመዱ በገባበት የመኝታ ቤት ጥግ ወለል ላይ ተቀምጦ ይገኛል። የዋይፋይ ሞገድ በአየርና በስስ እንጨት ሲያልፍ እምብዛም አይዳከምም። በብሎኬት ግድግዳ ይዳከማል፤ በቆርቆሮና በብረት በር ግን ይመለሳል። በቀርከሃ የተሠራ ክፍልፋይ ሞገዱን ብዙ አይጎዳውም፤ የቆርቆሮ ክፍልፋይ ግን እንደ መስተዋት ያንጸባርቀዋል። ራውተሩን ወደ ቤቱ መሐል፣ ከወገብ ከፍ ባለና በተገለጠ ቦታ ማስቀመጥ ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ጥገና ነው።

ዋይፋይ በሁለት የሞገድ ክልል ይሠራል። 2.4 ጊጋ ኸርዝ የተባለው ሩቅ ይደርሳል፤ ነገር ግን የጎረቤት ራውተሮች ሁሉ ስለሚጠቀሙበት ይጨናነቃል። 5 ጊጋ ኸርዝ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን ይከብደዋል። ቴሌቪዥኑና ራውተሩ በአንድ ክፍል ካሉና ቴሌቪዥኑ የሚቀበለው ከሆነ 5ቱን መምረጥ ይበጃል። ርካሽና አሮጌ ቴሌቪዥኖች 2.4ን ብቻ የሚያውቁ በመሆናቸው 5ቱ በዝርዝራቸው ውስጥ ባይታይ ብልሽት አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው መፍትሔ ግን ገመድ ነው። ከራውተሩ ወደ ቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚሰካ የኔትወርክ ኬብል ዋይፋይን ከሰንሰለቱ ጨርሶ ያወጣዋል፤ እስከ 100 ሜትር ድረስም ያለ ችግር ይሠራል። ኬብሉ ከተሰካ በኋላ ቪዲዮው ከተስተካከለ ጥፋተኛው ዋይፋዩ እንደነበር ያለ ክርክር ተረጋገጠ ማለት ነው።

በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ያላቸው ቤቶች ሌላ ሥሌት አላቸው። ለእነርሱ ራውተሩ ሁለት ጊዜ ማየት አለበት፤ ማማውንና ቴሌቪዥኑን። የቆርቆሮ ጣራና ግድግዳ የማማውን ሞገድ ስለሚያዳክም፣ ራውተሩን ወደ ማማው አቅጣጫ ባለው መስኮት ላይ፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይገባል። ከስልክ ሆትስፖት ለሚጠቀሙም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ስልኩ በኪስ ውስጥ ሳይሆን መስኮት ላይ፣ ቻርጅ እየተደረገና ከፀሐይ ተጠብቆ ይቀመጥ፤ የጋለ ስልክ ራሱን ለመጠበቅ ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳልና።

ቴሌቪዥኑ ራሱ

ስማርት ቴሌቪዥን ትልቅ ስክሪን ያለው ኮምፒዩተር ነው፤ እንደ ኮምፒዩተርም ይደክማል። በሪሞት ስናጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል እንጂ አይጠፋም፤ በሳምንታት ውስጥ የተጠራቀመው ጭነት ከእርሱ ጋር ይኖራል። ከሶኬት ነቅሎ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቆ መመለስ ከሁሉ አስቀድሞ ሊሞከር የሚገባው ነው። ቀጥሎ የማይፈለጉ መተግበሪያዎችን ማጥፋትና በማስተካከያው ውስጥ የመተግበሪያውን ጊዜያዊ ክምችት ማጽዳት ይከተላል። የማከማቻ ቦታው የሞላ ቴሌቪዥን መስመሩ ፈጣን ቢሆንም ይንገዳገዳል።

በአገራችን ብቻ የሚገኝ አንድ ስሕተት ግን ልዩ ትኩረት ይሻል፤ ይኸውም የዘመን አቆጣጠር ነው። ቴሌቪዥኑ ከዩቲዩብ ወይም ከሌላ ተቋም ጋር ሲገናኝ የዚያን ተቋም ዲጂታል ማረጋገጫ ይመረምራል። ማረጋገጫው የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ቀኑም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ቤተሰቡ ቴሌቪዥኑን ሲሞላ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ ካስገባ፣ ቴሌቪዥኑ ራሱን ከሰባት ወይም ስምንት ዓመት በፊት እንዳለ ይቆጥራል። ዛሬ የተሰጠ ማረጋገጫም ለእርሱ ገና ያልተወለደ ሰነድ ይሆንበታል። ውጤቱ «መገናኘት አልተቻለም» የሚል መልእክት ነው፤ ኢንተርኔቱ ግን ሙሉ በሙሉ ይሠራል። ኤሌክትሪክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ሲመለስ ቀኑ ወደ ፋብሪካው ቀን የሚመለስባቸው ቴሌቪዥኖችም ተመሳሳይ ችግር ይገጥማቸዋል። ፈውሱ ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ማስተካከል፣ ወይም ከኢንተርኔት ራሱ እንዲወስድ መፍቀድ ነው።

ሌላው የቀድሞ ጊዜ ቅሪት ቪ.ፒ.ኤን ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአገሪቱ ዩቲዩብን ጨምሮ በአንዳንድ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ላይ ገደብ በነበረበት ወቅት ብዙ ሰው ይህን መተግበሪያ በስልኩና በቴሌቪዥኑ ላይ ጭኖ ነበር። መተግበሪያው እስከ ዛሬ ክፍት ከሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ ቪዲዮ በሌላ አገር ዞሮ ይመጣል፤ መንገዱ ይረዝማል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። መዝጋት ብቻ ለውጥ ያመጣል።

በመጨረሻም እውነተኛ እርጅና አለ። የመተግበሪያ ባለቤቶች አሮጌ ሞዴሎችን በየጊዜው ማገልገል ያቆማሉ። ለምሳሌ ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ በ2010ና በ2011 በተሠሩ አንዳንድ የሳምሰንግ ቴሌቪዥኖች ላይ መሥራቱን አቁሟል። እንዲህ ያለው ቴሌቪዥን ስክሪኑ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ መጣል የለበትም። በኤች.ዲ.ኤም.አይ ቀዳዳው ላይ የሚሰካ አነስተኛ የአንድሮይድ ሣጥን አዲስ አእምሮ ይሰጠዋል፤ ዋጋውም ከአዲስ ቴሌቪዥን ጋር አይወዳደርም።

መስመር ለራቀው አርሶ አደር

ከአሶሳ ወጣ ብለው በሚገኙ ቀበሌዎች፣ በካማሺም ሆነ በመተከል፣ ስለ 1080ፒ መነጋገር ሩቅ ሊመስል ይችላል። ለዚህ ነዋሪ ትክክለኛው ጥያቄ «ቪዲዮው እንዴት አይቆራረጥ?» ሳይሆን «ቪዲዮው በቀጥታ መምጣት አለበትን?» የሚለው ነው።

ስለ ማንጎ በሽታ፣ ስለ አኩሪ አተር አዘራር ወይም ስለ ማሽላ አከመቻቸት የተዘጋጀ ትምህርት ዛሬ ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ መታየት የለበትም። አዘጋጆቹ እንዲወርድ የፈቀዱትን ቪዲዮ በገበያ ቀን ከተማ ላይ፣ ወይም መስመሩ ጸጥ በሚልበት ሌሊት አውርዶ በፍላሽ መያዝና በቤት ቴሌቪዥን ላይ ማየት ይቻላል። አንድ የወረደ ፊልም አሥር ቤት ቢዞር ተጨማሪ ፍጆታ የለውም። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ፋት32 በተባለው አሠራር የተሰናዳ ፍላሽ ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ቪዲዮውን በ480ፒ ማውረድ ይህንንም ያስቀራል።

በዲሽ የሚገኝን ጣቢያ በኢንተርኔት መመልከትም ብዙ ጊዜ በከንቱ መክፈል ነው። አብዛኞቹ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በኢትዮሳት አማካይነት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለው ሳተላይት ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ምስል ለማያስፈልገው ምክር ደግሞ 8028 የተባለው የአርሶ አደሮች የስልክ አገልግሎት አለ፤ ቪዲዮ በማይደርስበት ቦታ ድምፅ ይደርሳልና።

ቤተሰቡ የማይጠግነው

እስከዚህ የተዘረዘረው ሁሉ ለአገልግሎት ሰጪዎች ማምለጫ መሆን የለበትም። ቤተሰቡ ራውተሩን ቢያነሣ፣ ቀኑን ቢያስተካክል፣ ገመድም ቢሰካ ምሽት ላይ የሚጨናነቅን ማማ ማስፋት አይችልም። ያ የተቋማት ድርሻ ነው። የኮሙዩኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣንን ያቋቋመው ገበያውን ለውድድር ለመክፈት ብቻ ሳይሆን የተጠቃሚን ጥቅም ለማስጠበቅም ነው። ባለሥልጣኑም ስለ አገልግሎት ጥራትና ስለ ሸማቾች መብት መመሪያዎች አውጥቷል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሁለተኛው ኦፕሬተር ሥራ ሲጀምር ተጠቃሚው የመምረጥ ተስፋ አግኝቷል። ሆኖም ውድድር በዋና ከተማ የሚያመጣው ለውጥና በጠረፍ ክልል የሚያመጣው ለውጥ በአንድ ቀን አይደርስም። በመካከሉ የሚቀረው የተጠቃሚው ድምፅ ነው።

ይህ ድምፅ ግን ክብደት የሚያገኘው በማስረጃ ነው። «ኢንተርኔቱ አይሠራም» የሚል አቤቱታ «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩ» የሚል መልስ ያስከትላል፤ ነገሩም በዚያ ያበቃል። «ለሰባት ቀን መዝግቤአለሁ፤ በገመድ፣ ሌላ መሣሪያ ሳይገናኝ፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት 9 ሜጋ ቢት አገኛለሁ፣ ምሽት ሦስት ሰዓት ግን ከ1 አይበልጥም፤ የተዋዋልኩት 10 ነው» የሚል አቤቱታ ግን በቀላሉ አይመለስም። መመዝገቢያው አንድ የደብተር ገጽ ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የተለካ ፍጥነት፣ መብራት ነበር ወይስ አልነበረም። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ይህን ይዞ መጀመሪያ በ994 ወይም በአቅራቢያው ባለው የአገልግሎት ማዕከል ያመለክታል፤ የአቤቱታውን ቁጥርም ይጠይቃል። መልስ ካጣ ጉዳዩን ወደ ባለሥልጣኑ ያቀርባል። አሥር ጎረቤቶች በአንድ ማማ ሥር ሆነው አንድ ዓይነት መዝገብ ካቀረቡ፣ ነገሩ የአንድ ቤት ቅሬታ መሆኑ ይቀርና የአንድ ሰፈር ማስረጃ ይሆናል።

የአንድ ምሽት ፍተሻ

ወደ መጀመሪያው ሳሎን እንመለስ። ክቧ እየተሽከረከረች ነው። ማንም ጥቅል ከመግዛቱ በፊት ቤተሰቡ አራት ነገር ያድርግ። መጀመሪያ ሌላ ቪዲዮ ይክፈት፤ ያ ከሠራ ጥፋቱ የምንጩ ነው። ካልሠራ በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ስልክ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይሞክር፤ ስልኩ ላይ ከሠራ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነውና ይነቀል፣ ቀኑ ይታይ፣ ክምችቱ ይጽዳ። ስልኩም ላይ ካልሠራ ከራውተሩ አጠገብ ሆኖ ይሞከር፤ እዚያ ከሠራ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነውና ራውተሩ ቦታ ይቀይር፣ ወይም ገመድ ይዘርጋ። ከራውተሩ አጠገብም ካልሠራ ጥራቱ ወደ 480ፒ ይውረድ፣ ሌሎች ስልኮች ለጊዜው ይለያዩ፣ ማለዳም እንደገና ይሞከር። ማለዳ ከሠራ ደብተሩ ይከፈት፤ ከእንግዲህ ጥያቄው የቤተሰቡ ሳይሆን የመስመሩ ባለቤት ነው።

አባትም፣ እናትም፣ ልጅም በግምት ከመወነጃጀል ይልቅ ሩብ ሰዓት ቢፈትሹ፣ ቢያንስ ያልተበላሸውን ለመጠገን የሚወጣው ገንዘብ በቤት ይቀራል። ቀሪው ብልሽት ደግሞ ባለቤቱ ታውቆ፣ በቀንና በሰዓት ተመዝግቦ፣ መልስ ወደሚጠየቅበት ጠረጴዛ ይሄዳል።